ጋራዥ፦ የተቃጠለ ኮምባይነርና ውሃ የገባው ትራክተር

በዚህ ወር የመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ ተጎዳ ማሽን ናቸው። አይገርምም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ የአዲስ ትራክተር ዋጋ ብዙ ገበሬ ከሚደርስበት በላይ ወጥቷል። ስለዚህ ሰው ፊቱን ወደ ተጋጨው፣ ወደ ተቃጠለውና ውሃ ወደ ገባው አዞረ። እኔ ይህን አልነቅፍም። አሰላ ላይ እንጀራዬን የበላሁት በእንዲህ ያሉ ማሽኖች ነው። እውነቱን ልናገር ካላችሁኝ፣ ምን እንዳገኘው የታወቀ የተጎዳ ማሽን፣ "ምንም የለበትም" ተብሎ ትናንት ቀለም ከተቀባ ማሽን ይሻለኛል። አዲስ ቀለም ያየሁ ቀን ኪሴን ነው የምይዘው።

ጥያቄ

*ጋሼ፣ እኛ ባሌ ጋሰራ የምንኖር ሦስት ወንድማማቾች ነን። ስንዴና ገብስ እንዘራለን። አምና አጨዳ ላይ የአንድ ሰው ክላስ ዶሚኔተር ኮምባይነር ከኋላው በኩል ተቃጠለ። ሰው ተሯሩጦ በአፈርና በውሃ አጠፋው። አሁን ባለቤቱ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ይለናል። ሞተሩ ይነሳል። ማጨጃው ምንም አልነካውም። አድሰነው መጀመሪያ የራሳችንን አጭደን፣ ከዚያ በኪራይ ልናሠራው አስበናል። እንግዛው ወይስ ይቅርብን?*

መልስ

እናንተ ልጆች፣ "ሞተሩ ይነሳል" የሚለውን ለጊዜው እርሱት። የተቃጠለ ኮምባይነር የሚሸጥ ሰው ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሞተር ተፈልጎ ይገኛል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ባይገኝ ከሌላ ማሽን ይወርዳል። እናንተን የሚያከስራችሁ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

መጀመሪያ የምጠይቀው እሳቱ ከየት እንደተነሳ ነው። ኮምባይነር በብዛት የሚቃጠልበት መንገድ ይታወቃል። ገለባና ብናኝ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ላይ ይከማችና ይቀጣጠላል። ግራሶ ያለቀበት ኩሽኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ቀለበት) ግሎ አጠገቡ ያለውን ገለባ ያቀጣጥላል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ተልጦ ብረት ይነካል። የናፍጣ ወይም የሃይድሮሊክ ቱቦ ይፈነዳና በጋለ ብረት ላይ ይረጫል። ታዲያ እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ጉዳት አያደርሱም። የገለባ እሳት ቦግ ይላል፣ ቶሎ ያልፋል። ቀለምና ጎማ በልቶ ይሄዳል። ናፍጣ ወይም ዘይት ያገኘ እሳት ግን አንድ ቦታ ላይ ይቆያል። ብረት የሚያበላሸው እሱ ነው።

ይህን ባለቤቱን አትጠይቁት። በዚያን ዕለት መሪው ላይ የነበረውን ኦፕሬተር ፈልጉት። ኦፕሬተሮች ከአርሲ ባሌ እየዞሩ ስለሚሠሩ ስልኩን የሚያውቅ አይጠፋም። ሻይ ጋብዙትና ሦስት ነገር ጠይቁት። ጭሱን መጀመሪያ ያየው የት ላይ ነው? እስኪጠፋ ምን ያህል ቆየ? ውሃው የተደፋው የትኛው ክፍል ላይ ነው? የመጨረሻውን አትርሱ። አፈሩ አያሳስበኝም። የጋለ ካስት አይረን (በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ብረት)፣ ማለትም ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን)፣ የጭስ ማውጫው ኮሌክተር ወይም የማርሽ ሳጥን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከተደፋ ግን ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ደግሞ በዓይን ላይታይ ይችላል። ማሽኑ ሥራ ላይ ሲግል ነው የሚያጋልጠው።

ከዚያ ራሳችሁ ሂዱና እሳቱን አንብቡ። በቀን ብርሃን ይሁን። የእጅ ባትሪ፣ ሞረድ፣ ሜትር፣ ሲባጎና ጠመኔ ያዙ። እሳት የት ድረስ እንደጋለ ጽፎ ነው የሚሄደው። የላስቲክ ክዳኖች ብቻ ቀልጠው ከሆነ ጉዳዩ ቀላል ነው። አሉሚኒየም ቀልጦ የተንጠባጠበበት ቦታ ካያችሁ ግን ቁም ነገር ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው። ማሽን ላይ ያለው ቅይጥ ትንሽ ቀደም ብሎ ይሸነፋል። የዲናሞው ቤት ወይም የፖምፓ ክዳን እንደ ሰም ወርዶ ከሆነ፣ ዙሪያው ያለው ብረት ሁሉ ያን ሙቀት ቀምሷል ማለት ነው። መዳብ በ1,085 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው። የሽቦው መዳብ ራሱ ጠብ ጠብ ብሎ ከተገኘ እዚያው ጨዋታው አለቀ። ሰላም ብላችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።

የተወለወለ ብረት ላይ ቀለሙን እዩ። ዘንግ ወይም የኩሽኔታ ቀለበት ጠርጋችሁ ስታዩት ገለባ የመሰለ ቢጫ ካለው ሙቀቱ 220 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል። ሰማያዊ ከሆነ 300 አካባቢ ነው። ኩሽኔታ እዚያ ከደረሰ ጥንካሬው ሄዷል፣ ግራሶውም ፈስሷል። ቢሽከረከርም ጣሉት። ለማርሽ ጥርስ ሞረዱን ተጠቀሙ። ጤነኛ የማርሽ ጥርስ ላይ ሞረድ ይንሸራተታል፣ አይነክስም። ከነከሰና ብናኝ ካወጣ ማርሹ ለስልሷል። እንዲህ ያለ ማርሽ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል። ከዚያ ስንዴው መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ጥርሱን ያራግፋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሲባጎውን ያስያዝኳችሁ ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የኮምባይነር የጎን ላሜራ ልብስ ይመስለዋል። ልብስ አይደለም፣ አጥንት ነው። የማበራያው ከበሮ፣ ገለባ አራጋፊዎቹ፣ ወንፊቱን የሚያንቀጠቅጠው ዘንግ፣ ሁሉም ኩሽኔታቸው የታሰረው በግራና በቀኝ ላሜራ ላይ ነው። ላሜራው በሙቀት ከተጣመመ ኩሽኔታዎቹ ፊት ለፊት መተያየታቸውን ያቆማሉ። አዲስ ኩሽኔታ ትገዛላችሁ፣ በሳምንቱ ይበላል። አዲስ ቺንጋ (ቀበቶ) ትገዛላችሁ፣ ከፑሌጃው (ቀበቶው ከሚዞርበት ጎማ) ይወጣል። ሜካኒኩን ትሳደባላችሁ። ሜካኒኩ ግን ምንም አላጠፋም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከኋላው ክፍል አራት ተመሳሳይ ነጥቦች ምረጡ። ለምሳሌ የገለባ አራጋፊው የፊትና የኋላ ዘንግ በግራና በቀኝ የታሰረባቸው አራቱ ኩሽኔታዎች ይሆናሉ። በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ ሲባጎ ወጥራችሁ ለኩ። ከዚያ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ ለኩ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ልዩነቱ ጥቂት ሚሊሜትር ከሆነ በማስተካከል ይታረማል። ከአንድ ሳንቲሜትር ካለፈ እኔ በግሌ ለሥራ ብዬ አልገዛውም። በተጨማሪ ላሜራውን በጎን ሆናችሁ በብርሃን እዩት። እንደ ውሃ ሞገድ የሚሄድ ከሆነ ሜትሩም አያስፈልጋችሁም።

ገለባ አራጋፊዎቹ የእንጨት ኩሽኔታ ካላቸው መቃጠላቸው አያስደንግጣችሁ። በብዙ ሞዴሎች ላይ እንጨት ነው። ጠንካራ ደረቅ እንጨት በዘይት ተቀቅሎ ጎበዝ አናጺ ይሠራዋል። ርካሹ ጥገና ይኸው ነው። ከበሮው ጋ ስትደርሱ ግን ገንዘብ መቆጠብ አይቻልም። ለስንዴ በደቂቃ ሺህ ዙር አካባቢ ነው የሚዞረው። ከበሮው ላይ ያሉት የማበራያ ብረቶች አንዱ ከተቀየረ በተቃራኒው ያለው አብሮ ይቀየራል። አለበለዚያ ሚዛኑ ይዛባና ማሽኑን በሙሉ ያንዘፈዝፈዋል። እሳቱ ከኋላ ነው ስላላችሁ ከበሮው ደህና ሊሆን ይችላል። በእጃችሁ አዙሩትና ቀስ ብሎ መቆሙን እዩ። ሁልጊዜ አንዱ ጎኑ ወደ ታች እየመጣ የሚቆም ከሆነ ክብደቱ እኩል አይደለም።

ሞተሩን በተመለከተ "ይነሳል" በቂ አይደለም ብያለሁ። በብዙዎቹ ኮምባይነሮች ሞተሩ ከእህል ጋኑ ኋላ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ የኋላ እሳት ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው። ዘይቱን በዱላው አውጥታችሁ እዩ። ከዚያ አስነስታችሁ እስኪግል ግማሽ ሰዓት አቆዩት። የዘይት ጎሚኒዎቹ (ዘይት የሚያግዱት ላስቲኮች) ከደረቁ ከፊትና ከኋላ ዘይት ያንጠባጥባል። ሞተሩ ገና ሳይግል የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ሲነሳ ውሃው አረፋ ካወጣ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ወይም ቴስታታው ችግር አለበት። ሻጩ "አሁን ነዳጅ የለም፣ ሌላ ቀን ኑ" ካላችሁ ጀሪካን ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ የሚያስፈራኝን ነገር ልንገራችሁ። የኋላ ጎማው እሳት የነካው ከሆነ ወዲያው አትንፉት። ቸርኬው ላይ ጎማ እያለ ደግሞ ቸርኬውን ፈጽሞ እንዳትበይዱት። የጋለ ጎማ ውስጡ ጋዝ ይፈጥራል፣ ይፈነዳል። ሰው ገድሏል። መጀመሪያ አየሩን አውጡ፣ ጎማውን ከቸርኬው ለዩ፣ ከዚያ የምትሠሩትን ሥሩ።

ወደ ብሩ እንሂድ። ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት የሚጎድለውን ዝርዝር ይዛችሁ መለዋወጫ ሻጮች ጋ ደውሉ። ቺንጋ ሁሉ፣ ኩሽኔታ ሁሉ፣ የሃይድሮሊክ ቱቦዎች፣ ሙሉ የሽቦ ሥራ፣ ጎማ፣ ላሜራ፣ የብየዳና የቶርኖ (የብረት መቅረጫ) ቤት ክፍያ፣ ማሽኑን የሚጭነው የሎቤድ (ዝቅ ያለ ተሳቢ መኪና) ኪራይ። አምና የተገዛበትን ዋጋ አትቀበሉ፣ የዛሬውን ጠይቁ። ቺንጋን ሰው ይንቃል። አንድ ኮምባይነር ላይ ስንት ቺንጋ እንዳለ ስትቆጥሩ ግን ትደነግጣላችሁ። የግዢው ብርና የጥገናው ብር ተደምሮ በአካባቢያችሁ ያለ የሚሠራ ያገለገለ ዶሚኔተር ከሚሸጥበት ከሦስቱ እጅ ሁለቱን ካለፈ ተዉት። ቀሪው አንድ እጅ ለማታውቁት ችግር ነው። የማታውቁት ችግር ደግሞ አለ።

ወረቀቱስ? ሊብሬው በማን ስም ነው? የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? ቁጥሩን ራሳችሁ በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ አንብቡ። ማሽኑ መድን ነበረው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መድን ድርጅቱ ሙሉ ካሳ ከፍሎ ከሆነ ቅሪቱ የድርጅቱ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሻጩ የሌላ ሰው ንብረት እየሸጠላችሁ ነው። ኮምባይነር ብዙ ጊዜ በሊዝ ወይም በባንክ ብድር ነው የሚገዛው። በካፒታል ዕቃ ሊዝ የተወሰደ ማሽን ክፍያው እስኪያልቅ የአከራዩ ንብረት ነው። ዕዳ እንዳለበት ለማወቅ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 የተቋቋመ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መዝገብ አለ። የሚመራው በብሔራዊ ባንክ ሥር ነው። ቁጥሩን አስፈትሹ። ሽማግሌ ፊት በተጨበጠ እጅ ብቻ ሚሊዮን ብር አትስጡ። ሽማግሌዎቹን አከብራለሁ፣ ግን የባንክን ዕዳ አያውቁም።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። እሳቱ ገለባ ብቻ ከሆነ፣ አሉሚኒየም ካልቀለጠ፣ ሰያፍ ልኩ እኩል ከመጣና ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ ግዙት። ግን 1 ሚሊዮን 200 ሺህ የመነሻ ወሬ ነው። ዝርዝራችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ተከራከሩ። ላሜራው ከተጣመመ ደግሞ እንደ ኮምባይነር አትግዙት። ማጨጃው፣ ሞተሩ፣ የፊት አክሱ፣ ከበሮው ለመለዋወጫ ይሸጣሉ። ለዚያ የሚሆን ዋጋ ስጡት። ባለቤቱ ይቆጣል። ይቆጣ። ከወር በኋላ ራሱ ይደውላል፣ ምክንያቱም የተቃጠለ ማሽን ክረምት ሲመጣበት ዝገቱ አይጣል ነው።

ስለ ኪራዩ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በመጀመሪያው ዓመት ከራሳችሁ ማሳ አትራቁ። በኩንታል የሚከፈለው ብር ያጓጓል፣ ግን የሰው ስንዴ መሃል ማሽን ቆሞባችሁ ዝናብ ከመጣ ወቀሳው ከብሩ ይበልጣል። ሌላው ደግሞ በየጠዋቱ ማርሚታውን፣ ሞተሩንና የኩሽኔታዎቹን አካባቢ በኮምፕሬሰር ንፉ። የእሳት ማጥፊያ ሁለት ይኑራችሁ፣ አንዱ ከመሪው አጠገብ፣ አንዱ ከመሬት ላይ ሆኖ የሚደረስበት ቦታ። ሲጋራ የሚያጨስ ኦፕሬተር አትቅጠሩ። ቀጥሬዋለሁ የሚለኝ ሰው ካለ ከማሳው ውጭ ያጭሰው።

ጥያቄ

*ከፎገራ ነው የምጽፍልህ፣ ወንድሜ። ሩዝ አምራች ነኝ። ክረምት ላይ የጉማራ ወንዝ ሞልቶ የጎረቤቴን ማሲ ፈርጉሰን 385 ትራክተር ከኮፈኑ በላይ ዋጠው። ውሃው ሲሸሽ በርካሽ ገዛሁት። ባትሪ ቀይሬ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) ብነካው "ጠቅ" ብሎ ቀረ። ልጆቹ በሌላ ትራክተር ጎትተን እናስነሳው ይላሉ። ላስጎትት?*

መልስ

እንዳያስጎትቱ! ይህ ጽሑፍ ከመድረሱ በፊት አስጎትተው ከሆነ እግዜር ይሁንዎ።

ያ "ጠቅ" ያለው ድምፅ ምናልባት ትራክተሩን አድኖልዎታል። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ካለ ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲመጣ የሚታመቅ ነገር የለም። አየር ይታመቃል፣ ውሃ አይታመቅም። በጉተታ ካስገደዱት የሚታጠፈው ቢዬላው (ፒስቶኑን የሚይዘው ክንድ) ነው። አንዳንዴም ብሎኩ ይቀደዳል። ርካሹ ግዢዎ ያን ቀን ውድ ይሆናል።

ባትሪውን ይንቀሉ። አራቱንም ኢኒየቶሪዎች (ናፍጣ መርጫዎች) ያውጡ። ከዚያ ሞተሩን በእጅ፣ በፊት ፑሌጃው ዳዶ በኩል ቀስ ብለው ያዙሩት። ውሃው በኢኒየቶሪው ቀዳዳ ይወጣል። ፊትዎን ከቀዳዳው ያርቁ። በጭራሽ ካልዞረ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ከካሚቻው (ከሲሊንደሩ ግድግዳ) ጋር በዝገት ተያይዟል። በየቀዳዳው ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅለው ያፍሱና ለጥቂት ቀናት ይተዉት፣ በየቀኑ ይሞክሩት። በመዶሻና በረጅም ብረት አይታገሉት።

የሞተሩን ዘይት ሲያወርዱ የታችኛውን ብሎን በዝግታ ያላሉ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ምን ያህል እንደገባ እዚያ ያያሉ። የማሲው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)ና ሃይድሮሊክ ዘይታቸው አንድ ነው፣ ስለዚህ ያንንም ሙሉ በሙሉ ያውርዱ። የኋላ አክሱንና የፊት ጎማ ኩሽኔታዎችን አይርሱ። ሰው ሁሉ ሞተሩን አጥቦ ደስ ይለውና እነዚያን ይተዋቸዋል፣ በጥር ወር እየጮኹ ይመጣሉ። የናፍጣ ጋኑን አጥበው ፊልትሮዎቹን ይቀይሩ። የናፍጣ ፖምፓው ግን በእርስዎ ግቢ አይከፈት። ውስጡን የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው። ውሃ ከገባበት ይዝጋል፣ ክፍተቶቹም እጅግ ጠባብ ናቸው። ባሕር ዳር ፖምፓ የሚፈትሽ ማሽን ያለው ቤት ፈልገው ይውሰዱት።

የፎገራ ጎርፍ ከውሃው ይልቅ ደለሉ ነው ክፉው። ሞተሪኖውና ዲናሞው ተፈትተው ጭቃው ይታጠብ፣ በፀሐይ ይድረቁ። የአየር ማጣሪያውንና ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ቱቦ እስከ መጨረሻው ያጽዱ። እዚያ የቀረች እፍኝ ጭቃ ሞተሩ ሲነሳ ካሚቻውን ትበላዋለች። ፍሪሲዮኑም ከቮላኖው (ሞተሩ ከሚያዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጋር ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል ማርሽ አልገባ ካለ አይገረሙ።

ሲነሳልዎ ርካሽ በሆነ ዘይት ለግማሽ ሰዓት ያለ ሥራ ያቆዩት። ያን ዘይት አውጥተው ይጣሉት፣ ፊልትሮውን ይቀይሩ፣ ከዚያ ደህናውን ዘይት ያስገቡ። ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ አሁንም ውሃ አለና ይድገሙት። በመጀመሪያው ሳምንት ማረሻ አያስጎትቱት፣ ጋሪ ብቻ ይጎትት።

ጥያቄ

*ከኢተያ። ትራክተራችን ወገቡ ላይ ለሁለት ተሰንጥቋል። በያጁ "በይጄ እንደ አዲስ አደርገዋለሁ" ይላል። ይቻላል?*

መልስ

አብዛኛው ትራክተር ሻንሲ የለውም። ሞተሩ፣ የፍሪሲዮኑ ቤትና ካምቢዮው ተያይዘው ነው ወገብ የሆኑት። ያ ቤት ካስት አይረን ነው። ካስት አይረን ይበየዳል። በኒኬል ኤሌክትሮድ፣ ቀድሞ በደንብ ተሞቆ፣ የስንጥቁ ጫፍ ተበስቶ፣ ከዚያ አመድ ውስጥ ተቀብሮ በዝግታ ሲቀዘቅዝ ነው። በያጁ ከእነዚህ አንዱን ካልነገራችሁ አታስነኩት። ነግሯችሁም ቢሆን እኔ ሸክም የሚሸከም ወገብ ላይ ብየዳ አላምንም። ትንሽ ክዳን ወይም ጆሮ ቢሆን እሺ። ለወገብ ግን ሰልባጅ ቤት ፈልጋችሁ ሙሉውን ቀይሩ። ስትገጥሙም ለምን እንደተሰነጠቀ ጠይቁ። ከፊት ተራራ የሚያህል ክብደት ጭናችሁ ከሆነ አዲሱም አይቆይም።

ጥያቄ

*ሰላም ጋሼ። ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው የምኖረው። እዚህ በጨረታ የተጋጩ ትላልቅ ጆን ዲር ትራክተሮች በጣም በርካሽ ይሸጣሉ። ሮቤ ላለው ወንድሜ አንድ ገዝቼ፣ እዚያው ቢታደስ ብዬ ልልክለት ፈልጌ ነበር። ዘመናዊ ነው፣ ብዙ ኮምፒውተር አለው። ምን ትመክረኛለህ?*

መልስ

እህቴ፣ ሐሳብሽ የወንድም ፍቅር ነው። ማሽኑ ግን ለወንድምሽ ራስ ምታት ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

በአሜሪካ ከ2014 እና 2015 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩ ትላልቅ የእርሻ ሞተሮች ጭሳቸውን የሚያጣራ ዕቃ ተጭኖባቸዋል። በአብዛኛው ጭሱ ውስጥ ዩሪያ የሚረጭ ጋን ወይም የጥላሸት ማጣሪያ፣ ብዙዎቹ ሁለቱንም አላቸው። ለእነዚህ ሞተሮች የሚመከረው ናፍጣ ከ15 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 15 እጅ) ያልበለጠ ድኝ ያለው ነው። አንድ ሴንሰር ቅር ሲለው ማሽኑ ራሱን ቀንሶ በዔሊ ፍጥነት ይሄዳል። የተጋጨ ከሆነ ደግሞ የሚቀየረው ክፍል ተገጥሞ ብቻ ሥራ አይጀምርም። አንዳንዱ በኮምፒውተር ፕሮግራም ከማሽኑ ጋር መተዋወቅ አለበት።

አንቺ ያለሽበት ኮሎራዶ ገበሬው ማሽኑን ራሱ እንዲጠግን አምራቾች መሣሪያውንና መረጃውን እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ በ2023 (እ.ኤ.አ.) በማውጣት ከአሜሪካ የመጀመሪያዋ ናት። በጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን ከሁለት ግዛቶች ጋር ሆኖ በዚሁ የጥገና ጉዳይ ጆን ዲርን ከስሷል። ያ ሕግ ግን ትራክተሩን ተከትሎ ጅቡቲ አይወርድም። ለሮቤ ልጅ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የግድ ልላክ ካልሽ አሮጌ ፈልጊ። ናፍጣ ፖምፓው ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ፣ ዩሪያ የማያውቅ፣ ሞዴሉ እዚህም በሥራ ላይ ያለ ይሁን። ወንድምሽ በአርሲና በባሌ ያሉ ሜካኒኮችን "ይህን ከፍታችሁ ታውቃላችሁ?" ብሎ ይጠይቅ። ጨረታው ላይ ፎቶ አይተሽ አትጫረቺ። ካልሆነልሽ የዴንቨር አካባቢ ሜካኒክ ከፍለሽ ሄዶ ይየው። የሚያየው ወገቡን፣ የፊት አክሱንና የሃይድሮሊኩን ዘይት ነው። የተጨረማመተ ኮፈንና የተሰበረ መስታወት ግድ የለም።

የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ በ2011 ዓ.ም. መፈቀዱን ሰምተሽ ይሆናል። ያገለገለና የተጋጨ ማሽን ላይ እንዴት እንደሚሠራ ግን ወንድምሽ የማሽኑን ዓመትና መለያ ቁጥር ይዞ ጉምሩክን በጽሑፍ ይጠይቅ። መልሱ በእጁ ሳይገባ አንድ ዶላር እንዳትከፍይ። የባሕሩን ጭነት፣ የጅቡቲን ወደብና እስከ ሮቤ ያለውን ሎቤድም ደምሪ። ድምሩን ለወንድምሽ ንገሪውና፣ በዚያ ብር አዳማ ወይም አዲስ አበባ የሚሠራ ያገለገለ ማሲ ያገኝ እንደሆነ ይጠይቅ። ካገኘ ብሩን ላኪለት። ካላገኘ የመረጥሽውን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ጻፊልኝ፣ በሚቀጥለው እትም የትኛው ክፍሉ እንደሚያስቸግር አንድ በአንድ እነግርሻለሁ።